«ቲቸር፣ የቱ ላይ ነው የተሳሳትነው?»

ወዳጆቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ክረምት ስለሆነ ጊዜ አላችሁ ብዬ ነው። ዝናብ ከሆነ ደግሞ የትም አትሄዱም።

ክረምት ለመምህር ዕረፍት ነው የሚል ሰው መምህር ሆኖ አያውቅም። እኔ በዲፕሎማ የማስተምር ሰው ነኝ። ያለፉት 3 ክረምቶች ዲግሪ ፍለጋ ነው ያለቁት። ሐምሌ ሲገባ ፍራሽ ጠቅልሎ የክረምት ኮርስ መሄድ፣ ከ8 ሰው ጋር አንድ ክፍል ማደር፣ በ2 ወር የዓመት ትምህርት መዋጥ። ዘንድሮ አቋረጥኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» እላለሁ፤ እውነቱ ግን ገንዘብ ነው። ደሞዝና ኑሮ እንዴት እንደተራራቁ እናንተው ስለምታውቁት አልተርክም።

እና ባዶ ክረምት እጄ ገባ። የመጀመሪያውን ሳምንት ተኛሁ። እውነቴን ነው፣ ተኛሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ የሐዋሳን ሐይቅ ዳር ይዤ እስከ አሞራ ገደል መሄድ ለመድኩ። ዓሣ ይበላል፣ አባ ኮዳዎች ሲሻሙ ይታያል፣ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ ግን ምን ይደረጋል? የእንግሊዝ ሊግ የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ነው። ኳስ ማሳያ ቤቶቹ ጭር ብለዋል። ኳስ ከሌለ ደግሞ ዳኛ የሚሰድብ ሰው የለም፤ ዳኛ የማይሰደብበት ከተማ ምን ያህል ዝም እንደሚል ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት መሰልቸት ሲጀምረኝ ቤት ማጽዳት ያዝኩ። አልጋ ሥር ካለው ካርቶን ውስጥ የግንቦቱ ክርክር የነጥብ ወረቀቶች ወጡ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው በእነሱ ምክንያት ነው።

ለማታውቁኝ፦ እኔና 4 ባልደረቦቼ በየዓመቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክርክር ውድድር እናዘጋጃለን። ትልቅ ነገር አይደለም። 12 ትምህርት ቤት፣ 2 ቅዳሜ፣ በልመና የተገኘ አዳራሽ፣ ሻይና ዳቦ። ከከተማው ትምህርት ቤቶች ሌላ ከወረዳም ይመጣሉ። ሰው ሁሉ «ተከራካሪ ከየት ታመጣላችሁ?» ይለናል። ተከራካሪ ሞልቷል! በዚህ አገር ተከራካሪ ጠፍቶ ያውቃል እንዴ? የሚጠፋው ዳኛ ነው። ቅዳሜውን ሰውቶ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ የ16 ዓመት ልጅ ሲናገር ቁጭ ብሎ የሚሰማ አዋቂ ሰው ፈልጋችሁ እዩ። ስለዚህ ሰው ሲጎድል አዘጋጆቹ ራሳችን እንዳኛለን። እኔም ዳኝቻለሁ።

አሠራሩን የወሰድነው ከዓለም ትምህርት ቤቶች የክርክር ሻምፒዮና ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 አውስትራሊያ፣ ካንቤራ ላይ የተጀመረ ውድድር ነው። በአንድ ወገን 3 ተናጋሪ ይቆማል። እዚያ አንድ ንግግር 8 ደቂቃ ነው፤ እኛ አዳራሹን ቶሎ ስለምንለቅ 5 አድርገነዋል። ዳኛው ለእያንዳንዱ ንግግር ከ100 ነጥብ ይሰጣል፦ ለአቀራረብ 40፣ ለይዘት 40፣ ለስልት 20። በተግባር ግን ነጥቡ የሚወድቀው ከ60 እስከ 80 ባለው መካከል ነው፤ አቀራረብና ይዘት እያንዳንዳቸው ከ24 እስከ 32፣ ስልት ከ12 እስከ 16። መጨረሻ ላይ ለየወገኑ በግማሽ ነጥብ የሚያዝ አጭር የመዝጊያ ንግግር አለ። እኩል ወጡ ማለት አይቻልም። ዳኞች ከመመካከራቸው በፊት እያንዳንዳቸው ወረቀታቸውን ሞልተው ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በድምፅ ብልጫ ያልቃል። ቁጥሩን የዘረዘርኩት ላሰለቻችሁ አይደለም። ጥፋቴ ያለው ቁጥሩ ውስጥ ነው።

ግማሽ ፍጻሜ ነበር። ርዕሱ «ተማሪዎች ትምህርት ቤት ውስጥ ሞባይል ስልክ መያዝ ይከልከል» የሚል። ደጋፊዎቹ ከከተማው የግል ትምህርት ቤት፣ ተቃዋሚዎቹ ከወረዳ የመጡ ልጆች ናቸው። ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው።

የደጋፊዎቹ መሪ አንዲት ልጅ ናት። ስትናገር ወረቀት አታይም። ድምጿ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዓይኗ ከዳኛው አይነቀልም። ስልክ ሐሳብ ይበትናል፣ ፈተና ያሰርቃል፣ ቲክቶክ ጊዜ ይበላል አለች። እውነት ነው፣ ሁሉም ልክ ነው። ግን ሁላችንም ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነገር ነው።

ከወረዳው ቡድን ሁለተኛው ተናጋሪ ተነሣ። ቀጭን ልጅ፣ የዩኒፎርሙ እጅጌ ያጠረው። ይንተባተባል። ግሱን አንዴ ባለፈው ጊዜ፣ አንዴ በአሁኑ ያደርገዋል። አንድ ቃል ጠፍቶት ወደ 10 ሰከንድ ያህል ቆመ። ከኋላ የሳቀም ነበር። ከዚያ ያለው ነገር በአማርኛ ሲመለስ ይሄ ነው፦ «እኛ ክፍል ውስጥ የታተመ መጽሐፍ ያለው ተማሪ ጥቂት ነው። መጽሐፉ ያለው ስልክ ውስጥ ነው። አንድ ስልክ ለ5 ሆነን እናነባለን። ስልክ ይከልከል ስትሉን መጽሐፋችሁን ቤት ትታችሁ ኑ ማለታችሁ ነው። እናንተ ስልክ ስትከለከሉ መጽሐፍ ይቀርላችኋል። እኛ ምን ይቀርልናል?»

አያችሁ፣ ይሄ ልጅ ያደረገው የሌላውን ወገን ክርክር መቃወም ብቻ አይደለም። ሕጉ ለሁሉም እኩል ይመስላል፣ የሚያርፈው ግን እኩል አይደለም ነው ያለው። ትልልቅ ሰዎች ፓርላማ ገብተው የማይሉትን ነገር ነው ልጁ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የተናገረው። ከደጋፊዎቹ ደግሞ እስከ መጨረሻው ማንም አልመለሰለትም።

ከ3 ዳኞች አንዱ ለወረዳው ቡድን ሰጠ፣ አንዷ ለከተማው። የለየው የእኔ ወረቀት ነው። 241 ለ239። ከተማው አለፈ።

ሐምሌ ላይ፣ አልጋ ሥር ተንበርክኬ፣ ያንን ወረቀት አነበብኩት። በልጁ ስም ትይዩ በራሴ እጅ ጽሑፍ «የዕለቱ ጠንካራ ነጥብ!! መልስ አላገኘም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሁለት ቃለ አጋኖ። ጎኑ ላይ ያለው ነጥብ፦ አቀራረብ 24፣ ይዘት 28፣ ስልት 14። በድምሩ 66። ለልጅቷ፦ አቀራረብ 31፣ ይዘት 30፣ ስልት 15። 76።

አቀራረቡ 24 ይሁን። እሱ ላይ ነገር የለኝም፣ ተንተባትቧል። ይዘቱ እንዴት 28 ሆነ? የዕለቱ ጠንካራ ነጥብ ብዬ የጻፍኩለት ልጅ በይዘት ሁላችን ከምናውቀው ነገር በ2 ነጥብ እንዴት አነሰ? 31 ብሰጠው (ደግሞ ይገባዋል) ድምሩ 242 ይሆናል፤ ወረዳው ያልፋል። ካልኩሌተር አያስፈልገውም።

የሆነው ነገር ግልጽ ነው። እንግሊዝኛውን አንድ ጊዜ አቀራረብ ላይ ቀጣሁት፤ እጄ ሳላውቀው ወረደና ይዘት ላይም ደገመው። አንድን ጥፋት ሁለቴ አስከፈልኩት። ልጅቷ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም፤ ጎበዝ ናት፣ ሠርታለች። ግን እንግሊዝኛዋ ክርክር አይደለም። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ወላጅ የከፈለው ነው። እኔ የወላጅን ደረሰኝ ለልጁ ሐሳብ ነጥብ አድርጌ ሰጠሁ።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። ደንቡ ዳኛው ውጤት ሲናገር ምክንያቱን ያስረዳል ይላል። እኛ ግን ሰዓት አልፎብን፣ አዳራሹን ለሠርግ የሚያስውቡ ሰዎች በር ላይ ቆመው ነበር። «ሁላችሁም አሸናፊ ናችሁ» ብዬ ውጤቱን ብቻ ተናገርኩ። (ይሄን አባባል የፈጠረው ሰው ተሸንፎ አያውቅም።) ልጆቹ ወደ መናኸሪያ ሊሮጡ ሲሉ ያ ልጅ መጣና «ቲቸር፣ የቱ ላይ ነው የተሳሳትነው?» አለኝ። እኔ ወረቀት እየሰበሰብኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል «እንግሊዝኛህን አሻሽል» አልኩት።

አመሰግናለሁ ብሎኝ ሄደ።

ያንን ወረቀት ካየሁ በኋላ ሐይቁም ዓሣውም አልጣፈጠኝም። ከመምህራን ኮሌጅ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ጨንቻ ያስተምራል፤ ለዓመታት «ና እንጂ» ይለኝ ነበር። ተነሣሁ። ከሐዋሳ ሻሸመኔ፣ ከዚያ በሀላባ አድርጎ ሶዶ፣ ከሶዶ አርባ ምንጭ። መንገዱን አልተርከውም፤ ጉልበቴ አሁንም ያስታውሰዋል። ደግሞ ሐምሌ ላይ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ እኛ ጋ ያለው ዶፍ እየሳሳ ይሄዳል፤ የእነሱ ዋና ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው። አባያና ጫሞ ጎን ለጎን ተኝተው፣ በመካከላቸው «የእግዜር ድልድይ» የሚሉት ሸንተረር። ሲቀላ አድሬ በማግሥቱ ወደ ደጋው ወጣሁ። ከታች በሸሚዝ የወጣ ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ይለምናል። ጉም፣ ቀርከሃ፣ እንሰት። የዶርዜን ቤት በፎቶ አይታችሁት ይሆናል፤ ፊቱ የዝሆን ፊት የመሰለ፣ ከቀርከሃ የተፈተለ። በፎቶ የማይታየው ውስጡ እንዴት እንደሚሞቅ ነው።

ማታ እሳት ዳር ቆጮ በዳጣ እየበላን ጓደኛዬ ለአባቱ ሥራዬን ነገራቸው። በጋሞኛ ነው የሚያወሩት፣ እሱ ያስተረጉመኛል። «ልጆች እያከራከረ ማን እንደረታ የሚፈርድ ነው» ሳይላቸው አልቀረም። አባቱ ሳቁ።

የጋሞን ሽማግሌዎች ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶችን እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሷቸው። ያ ድርጊት የአንድ ቀን ትያትር አልነበረም። ከኋላው ዱቡሻ የሚባል ሥርዓት አለ፦ ሰው አደባባይ ተቀምጦ የሚመክርበት፣ ጠብ የሚታይበት ቦታ። እጅ ተቆጥሮ አያልቅም። እስኪግባቡ ይነጋገራሉ፤ ካልሆነ ይቀጠራል።

እኔም አጋጣሚ አገኘሁ ብዬ ስለ ውድድራችን፣ ስለ 100 ነጥቡ፣ ስለ ብልጫው አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ጓደኛዬ ሲተረጉምልኝ፦ «ልጄ፣ የተረቱት ልጆች ነገሩ ገብቷቸው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት?»

ስለዚያ ልጅ አልነገርኳቸውም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

«አይ» አልኳቸው። «እንግዲያ አላለቀም» አሉና ቆጮ ጨመሩልኝ።

ባህላዊ ነው ሲባል ሁሉ ልክ ነው እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በብዙ ባህላዊ ሸንጎ ሴትና ወጣት ተቀምጦ ከመስማት ያለፈ ድርሻ የለውም፤ እኔ ደግሞ የማከራክረው ሴቶችና ወጣቶችን ነው። በአማርኛው በኩል ያለውን የድሮ ሙግት፣ በላ ልበልሃውን፣ ደግሞ እዩት። ተሟጋቹ በግጥምና በቅኔ ይናገራል፣ ውርርድ ያስይዛል፣ ተመልካች ያጨበጭባል። እንዴት ያለ ውበት ነው! ግን እዚያም አንደበተ ርቱዑ እየረታ፣ አንደበት ያልታደለው መሬቱን እየተነጠቀ የሄደበት ቀን የለም ማለት ይከብደኛል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የሚለው ተረት ዝም ብሎ አልመጣም። የእኔ የ241 ለ239 ፍርድ የዚያው ተረት የእንግሊዝኛ ቅጂ ነች።

ግን ከዱቡሻ የወሰድኩት አንድ ነገር አለ። ስመለስ ደግሞ እዚሁ አጠገቤ እንደነበረ ገባኝ። ሐዋሳ ስንት ዓመት ኖሬ «አፊኒ» ሲባል እሰማለሁ። ሲዳማ ነገር ሲታይ ከፍርዱ በፊት የሚጠየቅ ቃል ነው፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት። ማን አጠፋ፣ ስንት ይካስ ከመባሉ በፊት «ሰማችሁ ወይ?»። እኔ ስሰማው ልክ እንደ ሰላምታ ሳልፈው ኖሬያለሁ። እኛ በነጥብ ወረቀታችን ላይ ለሁሉም ነገር ሣጥን ሠርተናል። ዳኛው ሰምቷል ወይ የሚል ሣጥን የለም።

እና አቋሜን ልናገር። ከባልደረቦቼ ጋር ገና አልተስማማንበትም፤ ሁለቱ በቴሌግራም እየተከራከሩኝ ነው።

መጀመሪያ፣ የይዘት ነጥብ ከአቀራረብ ነጥብ በፊት ይሞላ። ተናጋሪው ሲጨርስ ዳኛው ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ልጁ ያለውን በራሱ ቋንቋ፣ በአማርኛም በሲዳምኛም፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ያኔ ቅላጼው ይቀራል፣ ሐሳቡ ብቻ ወረቀቱ ላይ ይቆማል። መጻፍ ካልቻለ አልሰማም ማለት ነው፤ ያልሰማውን አይዳኝ። ይሄ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስፖንሰር አይጠይቅም፣ አንድ መስመር ወረቀት ላይ መጨመር ነው።

ሁለተኛው ከባዱ ነው፣ የሚያጣላንም እሱ ነው። ቢያንስ አንዱ ዙር ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን እላለሁ። አንድ ባልደረባዬ፣ የማከብረው ሰው ነው፣ «የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው፣ አታሞኛቸው» አለኝ። ትክክል ነው። ልጁ ነገ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ማንም «ሐሳብህ ጥሩ ነው» ብሎ እንግሊዝኛውን አይምርለትም። ለዚህ ነው እንግሊዝኛውን ሙሉ በሙሉ እንተው የማልለው። የአቀራረብ 40 ነጥብ አለ አይደል? እንግሊዝኛው እዚያ ይከፈል፣ በሙሉ ዋጋው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ። እና ደግሞ ክርክር የቋንቋ ፈተና ከሆነ ስሙን እንቀይረውና የንግግር ውድድር እንበለው፤ ቢያንስ ከወረዳ የሚመጣው ልጅ ለምን ትራንስፖርት እንደሚከፍል አውቆ ይምጣ። የቋንቋው ጉዳይ ሌላም ጣጣ አለው፤ አማርኛ ይሁን ሲዳምኛ ሲባል ክርክሩ ከተማሪዎቹ ወደ እኛ ይዞራል። አውቃለሁ። እሱን ያኔ እንየው።

ሦስተኛው ላይ ግን ድርድር የለኝም። የተሸነፈው ቡድን ለምን እንደተሸነፈ ሳይነገረው ከአዳራሹ አይወጣም። ሠርግ ቢኖርም። ሙሽራዋ በር ላይ ብትቆምም። አዳራሽ ማግኘት ካልቻልን አንድ ዙር እንቀንሳለን። 12 ትምህርት ቤት ጠርቶ የማይሰማ ውድድር ከማድረግ 6 ጠርቶ መስማት ይሻላል። ዳኛ ሆኖ ምክንያቱን ፊት ለፊት ለመናገር የሚያፍር ሰው ምክንያቱ ራሱ የሚያሳፍር መሆኑን ያውቃል ማለት ነው። እኔ በዚያ ቀን ቀና ብዬ ልጁን ባየው ኖሮ «እንግሊዝኛህን አሻሽል» ለማለት አፌ ይያዝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከጨንቻ በተመለስኩ በሦስተኛው ቀን የወረዳውን ቡድን ይዞ ለመጣው መምህር ደወልኩ። ጋሼ ነው የምለው፣ በዕድሜ ይበልጠኛል። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጥቂት ዝም አለና «እኔማ ያኔም አውቄው ነበር፤ ምን ብዬ ልናገርህ?» አለኝ። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ልጁን በስልክ አገናኘኝ አልኩት። ልጁ ስልክ የለውም። ያ የ5 ሰው ስልክ የሌላ ልጅ ነው። ክረምቱን ግንባታ ላይ ድንጋይ እያቀበለ ነው አለኝ፣ ለመስከረም ደብተርና ዩኒፎርም። «ክርክሩንስ?» አልኩት። «አንተ እንግሊዝኛ ካልከው ወዲህ ክበቡ አልመጣም። ሰዋስው ነው የሚያነበው።»

መስከረም ትምህርት እንደተከፈተ የመጀመሪያው ቅዳሜ እሄዳለሁ። የነጥብ ወረቀቱን አጥፌ ዳየሪዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ከነሁለቱ ቃለ አጋኖ። ጋሼ ልጆቹን በ4 ሰዓት ሰብስቦ ይጠብቀኛል፤ ሦስቱንም፣ ያ ብቻ እንዳይሆን ብዬ ለምኜዋለሁ። ግማሽ ፍጻሜውን መልሼ ልሰጣቸው አልችልም፣ ዋንጫው ሌላ ትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ቆሟል። ወረቀቱን ግን ያነቡታል። ሚኒባሱ ከሐዋሳ መናኸሪያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሣል። በዚያ በኩል የምትሄዱ ካላችሁና የታተመ የ11ኛ ክፍል መጽሐፍ ቤታችሁ ተርፎ ከተቀመጠ፣ የትኛውም ትምህርት ይሁን፣ ጻፉልኝ፤ ቦርሳዬ ባዶ ነው።